የጋሽ ቀስታ ኳስ

"በእጅ አይነካም ብያለሁ!"

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አጎቷ ግን ኳሱን እንደ ሐብሐብ በመዳፎቹ መሀል እያገላበጠ አጠገቡ ለተቀመጠው ጎረቤት ማሳየቱን አላቋረጠም። ቅድም ብስኩት ሲበላ ነበር፤ የጣቶቹ ቅባት ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበሯ ድረስ ሲያብረቀርቅ ይታያታል።

"ይቺ ናት የአምበሉ" አለ፣ በዚያው ጣቱ ፊርማውን እየነካ። "ይቺ ብቻዋን ቤት ትገዛለች።"

"አትለኝም! ቤት?"

"ቤቱ ቢቀር በሩን።"

ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ሳቁን ወደ ሳል አዞሩት። እሷ ተነሥታ ጥቁር ሻርፗን በእጆቿ ላይ ዘርግታ ኳሱን ተቀበለችው። መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ የመስታወት ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው።

"ቢጫ ካርድ አየሁ" አለ አጎቷ። "ከዳኛዋ ጋር ማን ይከራከራል?"

ዳኛዋ የሚሏት ቤተሰቦቿ ናቸው። ልጅ ሆና የሰፈር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አጥር ላይ ተቀምጣ ጥፋት ትቆጥር ነበር፤ ስሙ ከዚያ ወጣ። ካደገች በኋላ ደግሞ ሥራዋ አጸናላት። በአንድ የጨረታ ቤት ውስጥ ስፖርተኞች የፈረሙባቸውን ማሊያዎች፣ ጓንቶችና ኳሶች እየመረመረች እውነተኛውን ከሐሰተኛው ትለያለች፤ ለእውነተኛው ዋጋ ታወጣለች። ሰው ከሚያመጣላት ውስጥ ገሚሱን የምትመልሰው አንገቷን ነቅንቃ ነው። ወንድሟ "እሷ እኮ የልደት ወረቀቷንም በማጉያ መነጽር አይታ ነው ያመነችው" ይላል።

አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ ሰው ይገባል፣ "እግዜር ያጽናሽ" ይላል፣ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ይሄድና ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ይጠይቃታል። "ለመሆኑ ስንት ያወጣል?" የሚጠይቁትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብረዋት ያለቀሱ ናቸው። ግን ጥያቄው በመጣ ቁጥር ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ተጣመመ ሚስማር ይዞራል። ሰው የመጣው አባቷን ሊሰናበት ነው ወይስ ኳሱን ሊገምት?

አባቷ የቡድኑ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የነዳው የተጫዋቾቹን አውቶቡስ ነው፤ ተጫዋቾቹም "ጋሽ ቀስታ" ይሉት ነበር። ዝናብ ሳይኖር ዝናብ ያለ ይመስል፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ሰው የሚሻገር ይመስል ይነዳል። አንድ ጊዜ አምበሉ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ "ጋሽ ቀስታ፣ ዋንጫው ሳይዝግ አድርሰን!" ብሎ መጮኹ አሁንም ይወራል። ዋንጫውን ያሸነፉት በዚያ ዓመት ነው። ማታ ከመበተናቸው በፊት የጨዋታውን ኳስ ሁሉም ፈረሙበትና ለሹፌሩ ሰጡት። በተከታዩ ዓመት አምበሉ ታሞ ሞተ። ፊርማው ከዚያ ወዲህ እንደ ወርቅ የሚፈለግ ሆነ፤ ሰውየው ብዙ ለመፈረም ዕድሜ አላገኘማ።

የዚያን ቀን ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ተጫዋቾቹ አሉ፣ አሠልጣኙ አለ፣ ኳስ አቀባዮቹ ሳይቀሩ አሉ። አባቷ የለም። ካሜራውን የያዘው እሱ ነበር። እናቷ ሐዘን በተቀመጠች ማግሥት ፎቶውን ቀና ብላ አይታ "እንዲህ ነው የኖረው" ብላ ነበር፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

የሙዚየሙ ሰው የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ክለቡ የራሱን ሙዚየም ሊከፍት ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ሰውየው ኃላፊው ነው። ጫማውን በር ላይ ደጋግሞ ጠረገ፣ እናቷን አቅፎ አጽናና፣ ሻይ ተቀበለ፤ ሻዩን ሳይጨርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እማማ፣ በዚህ ሰዓት ይህን ማንሣቴ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን እሳቸው ራሳቸው ኳሱ ሙዚየም እንዲገባ ቃል ገብተውልን ነበር። ዋናው አዳራሽ መሀል ነው የምናኖረው። ከሥሩ 'የቡድኑ ሹፌር ስጦታ' ተብሎ ሙሉ ስማቸው ይጻፋል።"

እናቷ ስኒዋን አስቀመጠች። "ስሙ? በመስታወት ውስጥ?"

"በመስታወት ውስጥ፣ መብራት በርቶበት።"

እናቷ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ተቀመጠች። ልጅቱ ይህን አየች፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች።

"የሚጎድለን አንድ የማረጋገጫ ወረቀት ብቻ ነው" አለ ሰውየው ወደ እሷ ዞሮ። "እውነተኛነቱን የሚያረጋግጥና ዋጋውን የሚገልጽ። ያለዚያ ቦርዱ አያስገባም።"

"የቤተሰብ ዕቃ አልመረምርም። ደንብ ነው።"

"አለቃዎን አነጋግሬአለሁ። በዚያ ቡድን ፊርማ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም አሉኝ። እርስዎ ይመርምሩ፣ እሳቸው አይተው ያጸድቃሉ።"

"ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?" አለ አጎቷ። "እጄ ላይ ነው ያደገው!"

"እጅህ ላይማ አይቻለሁ" አለች።

እናቷ ግን ዓይኗን ከልጇ ላይ አልነቀለችም። "አድርጊው እናቴ" አለች። "ለሱ ነው።"

ደንቡ ሰበብ ነበር። እውነቱን ለማንም አልተናገረችም፤ አባቷ ገና በደኅናው ሳለ አንድ ቀን ኳሱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቢሮዋ ድረስ ይዞላት መጥቶ ነበር። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከባለጉዳዮቹ ጋር ወረፋ ይዞ ተቀመጠ። ወጥታ ስታየው አፈረች፤ በሱ ይሁን በራሷ አልገባትም። "አባዬ፣ የቤተሰብ አልመረምርም" አለችው። "እንድትመረምሪው እኮ አይደለም፤ እንድታዪልኝ ነው" አለ። "ያው ነው" አለችው። ኳሱን ሳይገልጠው ታቅፎ ተመለሰ። የፈራችው ነገር ቀላል ነው። ሰው ሁሉ እውነት የሚለውን ነገር ሐሰት ሆኖ ማግኘት ሥራዋ ነው፤ አንዱን ነገር ብቻ ሳታየው እንዲኖር ፈልጋ ነበር።

አሁን መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። መጋረጃውን ሳበች። አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ ዘረጋች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ማጉያ መነጽሯንና ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጠውን ትንሽ ባትሪ አወጣች። በግድግዳው በኩል ጓዳ ያሉት ሴቶች በሹክሹክታ ሲያወሩ ይሰማታል።

"ዋጋ ልታወጣለት ገባች አሉ።"

"በሰባራ ልቧ?"

"ልብ ምን ያደርጋል፣ ዓይን ነው የሚያስፈልገው።"

መጀመሪያ ያየችው የቡድኑን በረኛ ፊርማ ነው። መነጽሩን አስጠጋች። ከሥር ቡናማ ወደ መሆን የተጠጋ፣ ቆዳው ውስጥ የሰመጠ ቀጭን መስመር አለ። በሱ ላይ ደግሞ ሌላ፣ ጥቁርና ወፍራም መስመር ተጋድሟል። የላይኛው ቀለም የቆዳው ስንጥቅ ውስጥ ሠርጎ ገብቷል። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለሷ ግን ፍርድ ነው። ቀለም ስንጥቅ ውስጥ የሚገባው ስንጥቁ ቀድሞ ሲኖር ነው። የላይኛው የተጻፈው ኳሱ አርጅቶ ቆዳው ከተሰነጣጠቀ በኋላ ነው ማለት ነው።

ኳሱን አዞረች። የክንፍ ተጫዋቹም እንደዚያው። የተከላካዮቹም። ሐምራዊውን ብርሃን ስታበራበት ሁለቱ ቀለሞች ለየብቻ ታዩ፤ አሮጌው ደብዝዞ፣ አዲሱ ደምቆ። ሁሉም ላይ ሌላ እጅ ሄዷል።

የአምበሉን መጨረሻ አደረገችው። የዚያን ሰው ፊርማ ከራሷ ፊርማ ይበልጥ ታውቀዋለች፤ በአንድ ትንፋሽ የሚጻፍ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጅራፍ የሚወነጨፍ ነበር። ይኼኛው ይንቀጠቀጣል። ይቆማል፣ ይሄዳል፣ እንደገና ይቆማል። ጅራፉ ጋ ሲደርስ እንደ ፈራ ሰው ቀስ ብሎ ይታጠፋል።

ቀስ ብሎ።

"ወይ አባዬ" አለች፣ ጮክ ብላ። አንድ ቀን ትዝ አላት፤ ምሳ ላይ፣ አፏ ውስጥ ምግብ እያለ የተናገረችው። "አባዬ፣ እዚያ መስኮት ላይ ታስቀምጠዋለህ? ፀሐይ እኮ ቀለም ትበላለች። ትንሽ ዓመት ነው የቀረው፣ ከዚያ ባዶ ኳስ ነው የምታየው።" እሱ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ኳሱን ከመስኮቱ ያነሣ ነበር። አባቷ ግን የአውቶቡስ ሰው ነው፤ አውቶቡስ ቀለሙ ሲለቅ ይቀባል እንጂ ከፀሐይ አይደበቅም። ማርከር ገዝቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ የሁሉንም ስም አንድ በአንድ ሲከተል ታያት። ተናደደች። እንባዋ መጣ፣ በእንባዋም ተናደደች። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ነገር በገዛ እጁ እንዴት ያበላሻል?

ኳሱን ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ስትወጣ በረኛው በረንዳው ላይ ነበር። አሁን ሸምግሏል፤ በየቀኑ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ከሁሉ ኋላ ይሄዳል። ጣቶቹ በጨዋታ ዘመኑ ተሰባብረው የተጠገኑ ስለሆኑ ብርጭቆውን የሚይዘው በሁለት መዳፉ ነው።

"ጋሼ" አለችው፣ አጠገቡ ቆማ። "ኳሱ ላይ ያለው ፊርማዎ የእርስዎ ነው?"

"የማን ሊሆን ኖሯል? ጎል ሲገባብኝ ጥፋቱ የኔ ነው ስትሉ የኖራችሁ፣ ፊርማዬን ልትክዱኝ ነው?"

"ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የላይኛውን አባዬ ነው የጻፈው፤ አይደብቁኝ።"

በረኛው ብርጭቆውን መሬት ላይ አኖረ። "አባትሽን አታውቂውም እንዴ?" አለ። "እሱ በሰው ስም ላይ እጁን ያነሣል? የላይኛውንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

አጠገቡ ተቀመጠች።

"መጣ። ኳሱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን። 'ልጄ ፀሐይ ትበላዋለች ብላኛለች፤ እባክህ ድገምልኝ' አለኝ። 'አንተ ሰውዬ፣ ራስህ ለምን አታደምቀውም፣ ከላይ ከላዩ መሄድ አይደል?' ብለው ቁጣው! አባትሽ ሲቆጣ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። 'ስም እኮ ነው' አለኝ። ከዚያ ሁላችንም ጋ ዞረ። የክንፍ ተጫዋቻችን የት እንደሚኖር ታውቂያለሽ፤ አገር አቋርጦ ሄደለት። በዚያ በአሮጌ መኪናው፣ በዚያ በአነዳዱ! ኤሊ ሳትቀድመው አትቀርም።"

ልትስቅ ነበር፤ አልመጣላትም። "አምበሉስ?" አለች። "አምበሉ ሞቷል።"

በረኛው ወደ መንገዱ ተመለከተ።

"እናቱ ጋ ወሰደው" አለ። "አብሬው ነበርኩ። ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፣ በጣም አርጅተው። አባትሽ አፍሮ አፍሮ ነገራቸው። መነጽራቸውን ፈለጉ፣ አጡት፤ እሱ የራሱን አውልቆ ሰጣቸው። 'ስሙን መጻፍ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፣ እጁን ይዤ' አሉ። ከዚያ ጻፉ። ምን ያህል እንደፈጀ አልነግርሽም። እያንዳንዷ ፊደል ጋ ቆም እያሉ ያለቅሳሉ፤ እኛ ግድግዳ እናያለን።"

ከቤት ውስጥ የወንበር መጎተት ድምፅ መጣ። አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ ነበር።

"ታዲያ ይኼ ሐሰት ነው?" አለ በረኛው።

"ሐሰት አይደለም።"

"እውነት ነዋ!"

"እውነትም አይደለም ጋሼ። የዋንጫው ቀን ፊርማ ነው ተብሎ ነው የሚረጋገጠው። ከላይ የሚታየው የዚያን ቀን አይደለም፤ የአምበሉም በአምበሉ እጅ አይደለም።"

"እንግዲያ ምንድን ነው?"

"እኔንጃ" አለች። "ወረቀቱ ላይ ለሱ የሚሆን ቦታ የለም።"

ንዴቷ የሚያርፍበት አጣ። በአባቷ ላይ አርፎ ነበር፤ ከዚያ ተነሣ። ከንዴቱ ጋር ሌላም ነገር ሄደባት። ያ የሚንቀጠቀጥ መስመር የአባቷ እጅ ነው ብላ ባሰበችበት ቅጽበት፣ ውስጥ ውስጡን ደስ ብሏት ነበር። አሁን ኳሱ ላይ የእሱ እጅ የትም የለም። እንደ ፎቶግራፉ፣ ኳሱም ላይ ሁሉም ሰው አለ፣ እሱ ብቻ የለም።

የሙዚየሙ ሰው ቤት ውስጥ እስክትመለስ እየጠበቀ ነበር። የሆነውን በሙሉ በሁሉም ፊት ነገረችው። እናቷ ሳትነቃነቅ አዳመጠች። ስትጨርስ ሰውየው ከንፈሩን መጠጠ።

"ልብ የሚነካ ነው" አለ። "እንግዲያው 'በተጫዋቾቹ የተፈረመ' ብለው ይጻፉልኝ። ውሸት አለበት?"

"የእናትየዋን ትጽፋላችሁ?"

"ወይዘሪት፣ ትኬት ገዝቶ የመጣ ሰው ሊያይ የሚፈልገው አምበሉን ነው።"

"ታሪኩን ጻፉለት እኮ። ሹፌሩ ኳሱን ይዞ እንደዞረ ጻፉ። ከዋንጫው ቀን ይልቅ ይኼ አይሻልም?"

"ለእኔና ለእርስዎ ይሻላል። ቦርዱ የፈቀደው የዋንጫውን ኳስ ነው፤ የታደሰ ኳስ አይደለም። ቃላቱን እርስዎ ያሳምሩት፣ ሌላውን ለኔ ይተዉት።"

"አንዲት መስመር እኮ ናት!" አለ አጎቷ ተነሥቶ። "አንቺ ልጅ፣ የጨረታ ቤቶቹ ስንቱ አጭበርባሪ የፈረመውን እያሳለፉ ይነግዱበታል፤ የገዛ አባትሽ ላይ ስትደርሺ ነው ሕግ ትዝ የሚልሽ?"

"እኔ አላሳለፍኩም።"

"አባትሽ ነው! ይሰማሻል? አባትሽ!"

"ስለሆነ ነው!" ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እሱ ሳይዋሽ አገር ዞረ። እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ልዋሽበት?"

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሞላችው። ፊርማዎቹ ከጊዜ በኋላ በላያቸው ተጽፎባቸዋል፤ የአንዱ በባለቤቱ እጅ አይደለም። የገበያ ዋጋ፣ የለውም። ፈረመችበትና ሰጠችው። ሰውየው አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ እናቷን እንደገና አቅፎ፣ በጣም አዝኖ፣ ባዶ እጁን ሄደ።

እናቷ የደጁን በር ተመለከተች።

"ስሙን አንድ ቀን ባየው ብዬ ነበር" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። "በሱ ስም የተጻፈ ነገር ቤታችን ውስጥ የመብራት ቆጣሪው ላይ ብቻ ነው ያለው።"

"እማዬ..."

"በቃ። አንሺልኝ ከፊቴ። አላልቅስበት።"

ጎረቤቶች አንገታቸውን ደፉ። አጎቷ ወደ ጓዳ ገባ፤ የሆነ ነገር ሲያንኳኳ ተሰማ። ልጅቱ ኳሱን ከሳጥኑ አውጥታ ጥጉ ላይ መሬት ተቀመጠች። ማድረግ የምታውቀው ሥራዋን ነው፣ ስለዚህ ሥራዋን ጀመረች። የቆየ ኳስ ቁም ሳጥን ሲገባ አየሩ ይቀነስለታል፤ አለዚያ ስፌቱ ተወጥሮ ይቀደዳል። ከቦርሳዋ ቀጭኗን የመንፊያ መርፌ አውጥታ በምላሷ አረጠበቻት፣ ቀዳዳው ውስጥ ሰካቻት።

ፍስስስ አለ።

ቀዝቀዝ ያለ አየር የእጇን አንጓ ነካው። የጎማ ሽታ አለው።

"ቀስ በይ" አለ በረኛው፣ ተከትሏት ገብቶ ከተቀመጠበት ወንበር። "እሱ ስንት ደክሞበታል። ታሞ ከመተኛቱ በፊት፣ ባለፈው ወር፣ እዚሁ ቁጭ ብሎ በእጅ መንፊያ ነፋው። 'ጎድሏል' ብሎ። ኳሱን እኔ ያዝኩለት። አንዴ ይገፋል፣ ያርፋል፤ አንዴ ይገፋል፣ ያርፋል። 'ተወው በኋላ ልጅህ ትነፋዋለች' አልኩት። 'እኔው ልጨርሰው' አለ።"

መርፌዋን ነቀለች።

ፉጨቱ ግን አልቆመም። ቀዳዳው ያረጀ ነው፤ መርፌው ከወጣም በኋላ አልገጠመም። ቀጭን ድምፅ፣ ለሌላ ሰው የማይሰማ፣ ጣቷ ሥር ይፏጫል። አውራ ጣቷን አኖረችበት። ቀጥ አለ። ትንሽ ስታላላ እንደገና ጀመረ። መልሳ ያዘችው።

በር ተንኳኳና ለቀስተኞች ገቡ። ከፊት ያለችው ድሮ ስታዲየም በር ላይ ትኬት ትቆርጥ የነበረች ሴት ናት፤ ፊቷ በእንባ ርሷል። እናቷን ሳመች፣ ከዚያ ወደ ጥጉ መጥታ ጎንበስ አለች፣ ቀኝ እጇን ዘረጋች።

"እግዜር ያጽናሽ ልጄ። እሱን የመሰለ ሰው!"

ልጅቱ ግራ እጇን ሰጠቻት።

ሴትየዋ የተዘረጋላትን ግራ እጅ አየች፣ ኳሱን አየች፣ ግራ ተጋብታ እጇ አየር ላይ ቀረ። እናቷ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ የልጇን አውራ ጣት ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

"ጨብጫት" አለች ለሴትየዋ። "በግራዋ ጨብጫት፤ ቀኟን አታስለቅቂያት።"

ሴትየዋ ጨበጠቻት። ልጅቱ ጣቷን አጠበቀች።